ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ዝም ሲል፦ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰኞ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ወሩ ታኅሣሥ። የደሴን የታኅሣሥ ብርድ ያደረበት ያውቀዋል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጋቢ አልፎ አጥንት ይነካል። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ጭነቱ ከማታ ጀምሮ ታስሮ አድሯል። ሁለት ነጋዴዎች ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ አለ። ሌላ ምንም የለም። መልሼ አዞርኩ። ቀጭ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቶቹ ቦግ ብለው በርተዋል፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከነጋዴዎቹ አንዱ ሽማግሌ ናቸው። "አብሽር ልጄ፣ ይነሳል" አሉኝ። ተነሳም። ግን በቁልፍ ሳይሆን በቁልቁለት ነው። ይኼን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ቁልቁለት ምክንያት ነው።

መኪናዬ አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር ናት። ኮረንቲዋ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዘው ይሠራሉ። ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እምቢ ትለኝ ነበር። የሚገርመው ኮምቦልቻ ወርጄ ከሰዓት ሳስነሳት ትነሳለች። ትንሽ ከበድ ይላታል እንጂ ትነሳለች። ደሴ ስታድር ነው የምትታመመው። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 አካባቢ። በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው ይኼ ሁሉ የአየር ለውጥ። እናም ያማከርኩት ሰው ሁሉ "ብርድ ነው፣ ባትሪህ ደክሟል" አለኝ። እኔም አመንኩ።

ሁለቱንም ባትሪ ቀየርኩ። የዛሬን የባትሪ ዋጋ ለሹፌር አልነግርም፣ ያውቀዋል። አራት ቀን ደህና ሆነች። በአምስተኛው ቀን ቀጭ። ከዚያ "ሞተሪኖው ነው" ተባለ፤ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ማለት ነው። ሞተሪኖው ወረደ፣ ካርቦኑ ተቀየረ፣ ቡሹ ተቀየረ፣ ታጥቦ ተገጠመ። ለሳምንት ደህና። ከዚያ ያው ቀጭ። በዚህ መሃል ያወጣሁት ገንዘብ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ይኼን ያነሳሁት ሌላ ሰው በዚሁ መንገድ ገንዘቡን እንዳይበትን ብዬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ብዙ ጊዜ "መኪናዬ አልነሳም አለች" እንላለን። ግን ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረው እሳት አልይዝ ካለ ነገሩ ናፍጣ፣ አየር ወይም ፖምፓ ነው። ጨርሶ ካላዞረው ደግሞ ናፍጣውን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ያኔ የሚፈለገው ከባትሪ ተነስቶ ሞተሪኖ ደርሶ ወደ ባትሪ የሚመለሰው ኮረንቲ የት ላይ እንደተቆረጠ ነው። የኔ ሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ ልመለስ። ደሴ ሜዳ የላትም ማለት ይቻላል። አስነሺው ያስቸገረው ሹፌር ሁሉ ማታ ሲገባ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ታች አድርጎ ያቆማል፣ ከጎማው ስር ድንጋይ ያስገባል። ጠዋት ረዳቱ ድንጋዩን ያነሳል። ሹፌሩ ቁልፉን ከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ይለቃታል። ትንሽ እንደተንከባለለች ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ይነሳል። ፖምፓዋ ሜካኒካል የሆነ አሮጌ የናፍጣ መኪና በዚህ ትነሳለች። እኔም ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ኖርኩ። ችግር ያለብኝ መሆኑን እስክረሳ ድረስ።

አንድ ቀን ጠዋት መንገዱ ጤዛ ጠጥቶ ነበር፤ ኮብልስቶን ነው። ፍሪሲዮኑን ስለቅ የኋላ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ፣ ሞተሩ አልተነሳም። ደግሜ ሞከርኩ፣ አልተነሳም። ፍሬን ረገጥኩ፤ ትንሽ ያዘች። እንደገና ስረግጥ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ፍሬኑን የሚያግዘው ቫክዩም የሚመረተው ሞተሩ ሲሠራ ነው። የተጠራቀመው በሁለት ሦስት ረገጣ ያልቃል። መሪውም ያለ ሞተር እንደ ወፍጮ ይከብዳል። ከፊት ለፊቴ አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው መንገድ እያቋረጡ ነበር። በሁለት እጄ መሪውን ጎትቼ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አጋጨሁት፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳብኩ። ቆመች። በመካከላችን የነበረው ርቀት አራት እርምጃ አይሞላም። ሴትየዋ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ምን እንደነበረ አላወቁም። እኔ ግን እግሬ እየተንቀጠቀጠ ከጋቢና መውረድ አቃተኝ።

ስለዚህ እባካችሁ። በቁልቁለት ማስነሳት ለአንድ ቀን ጭንቅ ነው፤ እሱም ሜዳ ከፊት ካለና ሰው ከሌለ ብቻ። ልማድ አታድርጉት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሞተሯ የጠፋ የተጫነች መኪና ምን እንደምትሆን ማንም የዚያ መንገድ ሹፌር መገመት አያቅተውም።

በዚያው ሳምንት ኮምቦልቻ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ ሄድኩ። ቤታቸው ትንሽ ናት፣ በር ላይ አሮጌ ዲናሞ ተደርድሯል። ባትሪ ቀይር፣ ሞተሪኖ አውርድ አላሉኝም። መጀመሪያ ጠየቁኝ። "ይኼ ነገር ከመጀመሩ በፊት መኪናዋ ምን ተነክቶ ነበር?" አሰብኩ። መስከረም ላይ ፍሪሲዮን አስቀይሬ ነበር፤ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ወርዶ ተመልሶ ተገጥሟል። ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቁ። "ለማስነሳት ስትታገሉ የሚሞቅ ነገር አይታችኋል?"

እኔ ዝም አልኩ። ረዳቴ ግን "አዎ ጋሼ፣ የነዳጅ መስጫዋ ሽቦ ታቃጥላለች" አለ።

እውነቱን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጋቢናውን ገልብጠን ስናይ ከፔዳሉ ወደ ፖምፓው የምትሄደውን ሽቦ ነክቶ እጁን መንጭቆ ነበር። ነግሮኛል። እኔ ደግሞ "ከሞተሩ ሙቀት ነው" ብዬ አለፍኩት። ሞተሩ ገና አልተነሳም እኮ! ከየት የመጣ ሙቀት? አላሰብኩትም። ያን ልጅ በዚያን ቀን ሰምቼው ቢሆን ያ ሁሉ ወጪ ይቀርልኝ ነበር፤ ያቺን እናትም ለዚያ አደጋ አላጋልጣቸውም ነበር።

ሽማግሌው ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። የባትሪው ነጌቲቭ ሻንሲው ላይ፣ ማለትም መኪናዋን በተሸከመው የታች ብረት ላይ፣ ታስሯል። ሞተሩና ካምቢዮው ግን በጎማ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ጎማ ኮረንቲ አያሳልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው አንድ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ይዘረጋል። ግራውንድ የሚሉት ነው። ሞተሪኖው የጠጣው ኮረንቲ ሁሉ ወደ ባትሪ የሚመለሰው በሱ በኩል ነው። ያ ገመድ ሲበላሽ ኮረንቲው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሞተሩንና ጋቢናውን የሚያገናኝ ብረት ካገኘ በሱ ይሄዳል፤ በነዳጅ ሽቦም ቢሆን። ቀጭን ሽቦ ያን ሁሉ ኮረንቲ ሲሸከም ይግላል።

መልቲሜትራቸውን አመጡ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ቀለም በሌለበት ቦታ ያዙ። ረዳቴን "ቁልፉን አዙር" አሉት። 4 ቮልት አሳየ። ደህና በሆነ መኪና ከግማሽ ቮልት በታች መሆን አለበት። ያውም ከሰዓት ነው፣ ኮምቦልቻ ነው፣ ፀሐይ ነው። "እዚህ 4 ከሆነ ደሴ ንጋት ላይ ስንት ይሆናል?" አሉኝ። ብርድ ሲሆን ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሪኖው የበለጠ ኮረንቲ ይፈልጋል። መንገዱ ደግሞ ጠባብ ነው። ብዙ ኮረንቲ በፈለገ መጠን መንገዱ ላይ የሚቀረው ቮልት ይበዛል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ሞተሪኖው 300 አምፔር ቢፈልግና የላላው መጋጠሚያ 0.02 ኦም ቢሆን 6 ቮልት እዚያው ይጠፋል። ከ24ቱ 6ቱ ጠፋ ማለት ነው። አዲስ ባትሪ ስገዛ ለአራት ቀን የተሻለኝ ለዚህ ነው፤ ትንሽ ጉልበት ጨመረላት እንጂ መንገዱ እንደጠበበ ነበር።

ከስር ገባን። ገመዱ አለ፤ ካምቢዮው ላይ በአንድ ብሎን ታስሯል። ሽማግሌው ብሎኑን በእጃቸው አዞሩት፤ በጣት ዞረ። ፈቱትና አሳዩኝ። ከስሩ ቀለም አለ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጭቃና ግራሶ ተጋግሯል። ፍሪሲዮኑ ሲሠራ ፈትተውት ሲመልሱት አልፋቁትም፣ አላጠበቁትም። የገመዱ ሹሩባ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ሆኗል፤ ግማሹ ክር ተበጥሷል። በሁለት ጣት ብትይዘው ይፈረፈራል። ሁለት ባትሪና አንድ ሞተሪኖ ያስወጣኝ ይኼ ነው። የአንድ ክንድ ርዝመት እንኳ የለውም።

አዲስ ገመድ ገጠሙ። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱንም ቦታ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቁት። ካጠበቁት በኋላ ዝገት እንዳይገባ ከላዩ ግራሶ ቀቡት። ሲለኩት 0.2 ቮልት ሆነ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ያወጣውን ድምፅ ከመስከረም ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ራሴ መልቲሜትር ገዛሁ። ርካሹ ይበቃል። እሳቸው ያሳዩኝንና እኔም ደጋግሜ የሠራሁትን በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ጆሯችሁን ስጡ። ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ብሎ እንደ መትረየስ ከደጋገመ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል ወይም ተርሚናሉ፣ ገመዱን ከባትሪው ራስ ጋር የሚያስረው መያዣ፣ ላልቷል። አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ኮረንቲ ሞተሪኖው ጋ ደርሷል፣ ግን አልበቃም ወይም ከጀርባው ያለችው ሶሌኖይድ፣ ኮረንቲውን የምታቀብለው ማብሪያ፣ አላሳለፈችም። ምንም ድምፅ ከሌለ ከቁልፉ እስከ ሶሌኖይዷ ያለውን ቀጭኑን ሽቦ፣ ፊውዙንና ሪሌዩን ፈልጉ። ዊዊዊ ብሎ ሞተሪኖው ብቻውን ከዞረ ጥርሱ አልገባም ማለት ነው።

ቀጥሎ የፊት መብራት አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ሙት ካለ ባትሪው ወይም ተርሚናሉ ነው። መብራቱ እንደበራ ከቀረ ባትሪው ጉልበት አለው፤ ኮረንቲው ግን ሞተሪኖው ጋ እየደረሰ አይደለም። የኔ መብራት እንደበራ ነበር። ምልክቱ ሁሌም ፊቴ ነበር፣ አላነበብኩትም።

ከዚያ ባትሪውን ለኩ፣ እያንዳንዱን ለብቻው። አድሮ ጠዋት 12.6 ካለ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከወረደ ቻርጅ ሳይደረግ ሌላ ምርመራ አትጀምሩ። ግን ይኼ ብቻ አይበቃም፤ የኔም 12.6 ነበር። ዋናው ቁልፉ ተይዞ ሳለ ያለው ልኬት ነው። በዚያን ጊዜ አንዱ ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ነው። ሁለቱም ከፍ ብለው ሞተሪኖው ካልዞረ ባትሪ አትግዙ፣ መንገዱን ለኩ። የነጌቲቩን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። የፖዘቲቩን ለመለካት አንዱን ጫፍ ወፍራሙ ገመድ ወደ ሞተሪኖው በሚነሳበት ባትሪ ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ያው ገመድ ሞተሪኖው ላይ የሚታሰርበት ብሎን ላይ ያዙ። እዚያም ከግማሽ ቮልት ብዙ ካለፈ ገመዱ ወይም መጋጠሚያው ነው። ስትለኩ የባትሪውን የእርሳስ ራስ ንኩ እንጂ መያዣውን አትንኩ። አንዳንዴ በሽታው በራሱና በመያዣው መካከል ነው ያለው።

መልቲሜትር ከሌላችሁ መንገድ ላይ የሚሠራ ዘዴ አለ። አንድ ወፍራም የባትሪ ገመድ ወስዳችሁ ሻንሲው ላይ ከታሰረው የባትሪ ነጌቲቭ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ብረት አገናኙና ቁልፉን አዙሩ። ሞተሩ ወዲያው ከዞረ ግራውንዱ ነው፤ አለቀ።

ሁለት ነገር ላይ ግን አደራ እላለሁ። አንደኛው ካቻቪቴ ነው። ሞተሪኖውን በካቻቪቴ ቀጥታ የሚያስነሳ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ማርሽ ገብቶ ከሆነ መኪናዋ ሰውየው ላይ ትሄዳለች፤ እሱ ደግሞ ያለው ጎማዎቹ መሃል ነው። ያለዚያ የማይሆን ከሆነ ማርሹ ፎሌ መሆኑን፣ ማለትም ምንም ማርሽ አለመግባቱን፣ በእጃችሁ አረጋግጡ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ሁለቱንም ጎማ በድንጋይ ያዙ፣ ከጎማ ፊት ወጥታችሁ ሥሩ። ከባትሪው አጠገብ ደግሞ ብልጭታ አታውጡ፤ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚያወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ባትሪ ስትፈቱ ነጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስታስሩ እሱን መጨረሻ ላይ እሰሩ።

ሁለተኛው የሙዚቃ ቴፕ ነው። 24 ቮልት መኪና ላይ ባለ 12 ቮልት ቴፕ ወይም የስልክ ቻርጀር ከአንዱ ባትሪ ብቻ መውሰድ የተለመደ ነው። ያ ባትሪ ሁሌ ይራባል፣ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል። በጥቂት ወር ሁለቱም ይሞታሉ። የኔም እንደዚያ ተቀጥሎ ነበር፤ አስፈትቼ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መቀነሻ አስገባሁ። በዚያው ልክ አንድ አዲስና አንድ አሮጌ ባትሪ አታጣምሩ፤ ደካማው አዲሱን ይዞት ይወድቃል።

አንድ የቀረ አለ። ሁሉም ኮረንቲ ደህና ሆኖ ሞተሪኖው እያቃሰተ ካልዞረ አቁሙ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ወይም ናፍጣ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሞተሩ ነክሷል፣ ከውስጥ ተጣብቆ ቆሟል ማለት ነው። የፊተኛውን ፑሌ ብሎን በትልቅ ቁልፍ ይዛችሁ በእጅ አዙሩት። በእጅ ካልዞረ በቁልቁለትም በመጎተትም አታስገድዱት፣ የሞተር ክንድ ይታጠፋል። ያኔ መካኒኩን ጥሩ።

ረዳቴ አሁን በየወሩ መጀመሪያ ላይ ከስር ገብቶ ያቺን ብሎን ይፈትሻል። እኔ አላዘዝኩትም። ማታ ስገባም አፍንጫዋን ወደ ታች አላደርግም። ከቤቴ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ አንድ ሜዳ ቢጤ አለ፤ እዚያ አቁሜ በእግሬ እመጣለሁ። ባለፈው ሰኞ 11 ሰዓት ላይ ቁልፉን ሳዞር መስታወቱ ውርጭ ይዞ ነበር። በአንድ ምት ተነሳች፤ ፀሐይ ሳትወጣ ሐረጎን ወረድን።